ጥፋት የተናገረ ሠራተኛን ሕግ ምን ያህል ይጠብቀዋል?

በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወጣት የሒሳብ ጸሐፊ፣ ያልተገዛ ዕቃ እንደ ተገዛ ሆኖ በመዝገብ መግባቱን አየ እንበል። ደረሰኙ አለ፤ ማኅተሙ አለ፤ የአለቃውም ፊርማ አለበት፤ ዕቃው ግን በግምጃ ቤቱ የለም። ይህ ወጣት በዚያች ሰዓት የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በእጁ የሚያልፈው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው በየወሩ መጨረሻ ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ ነው። ዝም ቢል የሚጠይቀው የለም። ቢናገር ግን ምን እንደሚደርስበት እሱም፣ አብረውት የሚሠሩት ጓደኞቹም አሳምረው ያውቁታል። ማንም «ለምን ተናገርህ» አይለውም። ብቻ ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ሥራው ይታጠፋል፤ ወይም ወደ ሩቅ አውራጃ ይዛወራል፤ ወይም ሲያረፍድ ዝም ይባል የነበረው ሰው ያን ሳምንት ስለ ማርፈዱ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል።

በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሣው ጥያቄ፣ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ ሕግ ሊጠብቀው ይችላልን? የሚጠብቀውስ በምን ዘዴ ነው? የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ሰው «ፊሽካ ነፊ» ይሉታል። በእኛ አገር ሕጉ «ጠቋሚ» ይለዋል፤ በየቢሮው በረንዳ የሚሰጠው ስም ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ አሳባቂ፣ ነገር አመላላሽ፣ ጆሮ ጠቢ ይባላል። እኛ ሁለቱን ማደባለቅ ተገቢ አይደለም እንላለን። አሳባቂ የሚባለው የጓደኛውን ገመና ወደ አለቃ ወስዶ ሞገስ የሚሸምተው ሰው ነው። ጠቋሚው ግን የብርቱውን ጥፋት ወደ ሕግ የሚያቀርብ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከዚህ ሥራው የሚያተርፈው ነገር የለም። አንደኛው ወደ ላይ ለመውጣት ይናገራል፤ ሁለተኛው ወደ ታች መውደቁን እያወቀ ይናገራል።

ለጥያቄያችን መልስ ስንፈልግ የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታትን ታሪክ መርጠናል። የመረጥነውም በዚያ አገር ነገሩ ተፈጽሟል ብለን አይደለም። ሙከራው ረዥም ስለ ሆነ፣ የክርክሩም መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለ ሆነ፣ ሕጉ የት ላይ እንደ ሳተና የት ላይ እንደ ተቃና ደረጃ በደረጃ ለማየት ይቻላል። ዓመተ ምሕረቱን በተለይ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሚጀምረው አገሪቱ ነጻነቷን ካወጀች ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላት ነው። በፌብሩዋሪ ወር 1777 «ዋረን» በምትባለው የጦር መርከብ ላይ ያገለግሉ የነበሩ 10 መርከበኞችና ወታደሮች፣ የአዲሱን የባሕር ኃይል ዋና አዛዥ ኮሞዶር ኢሴክ ሆፕኪንስን የሚከስ አቤቱታ ጽፈው ፈረሙ። ካቀረቡት ክስ አንዱ አዛዡ የተማረኩትን እንግሊዞች በጭካኔ ይይዛሉ የሚል ነበር። አንባቢ ልብ ይበል፤ ምርኮኞቹ የጠላት ወገን ናቸው፤ ከሳሾቹ ደግሞ ከዚያው ጠላት ጋር ለመዋጋት የተሰለፉ ሰዎች ናቸው። ሆፕኪንስም ተራ ሰው አልነበሩም። ወንድማቸው ስቲፈን ሆፕኪንስ የሮድ አይላንድ ገዥ የነበሩ፣ የነጻነቱንም መግለጫ ከፈረሙት ሰዎች አንዱ ናቸው።

ምክር ቤቱ አቤቱታውን ተቀብሎ አዛዡን በማርች 1777 ከሥራ አገዳቸው፤ በጃኑዋሪ 1778 ደግሞ ጨርሶ አሰናበታቸው። እሳቸው ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። ስሜን አጥፍተዋል ሲሉ ፈራሚዎቹን በሮድ አይላንድ ከሰሷቸው፤ በዚያ ግዛት የተገኙት ሁለቱ፣ ሳሙኤል ሾና ሪቻርድ ማርቨን፣ ተይዘው ታሰሩ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ያደረግነው ለአገራችን ይጠቅማል ብለን ነውና ድረሱልን ሲሉ ለምክር ቤቱ ጻፉ። ምክር ቤቱም ጁላይ 30 ቀን 1778 አንድ ውሳኔ አሳለፈ። ቁም ነገሩም፣ በመንግሥት አገልግሎት ያለ ሰው ሁሉ፣ ሌላውም የአገሩ ነዋሪ፣ ሹማምንት የሚፈጽሙትን ጥፋትና ማታለል ባወቀ ጊዜ ለምክር ቤቱ ወይም ለሚገባው ባለሥልጣን ፈጥኖ የማስታወቅ ግዴታ አለበት የሚል ነው። በቃል ብቻም አልቀረም። ግምጃ ቤቱ በጦርነት በተራቆተበት በዚያ ጊዜ፣ ምክር ቤቱ ለሁለቱ ሰዎች የጥብቅና ወጪ 1,418 ዶላር ከፈለ፤ ለመከላከያ የሚሆናቸውንም ጽሑፍ ሰጣቸው። በክርክሩም ነጻ ወጡ።

ይህ ውሳኔ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የጎደለው አለ። ተናገር ይላል፤ ከተናገርህ በኋላ ሥራህን ቢነጥቁህ ምን ይደረግልሃል የሚለውን አይመልስም። ይህን ለመመለስ 200 ዓመት ያህል ፈጀ።

በመካከሉ የተደረገውን በአጭሩ እንለፈው። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ነጋዴዎች ለሠራዊቱ የማይረባ ዕቃ እየሸጡ መንግሥቱን ስለ መዘበሩ፣ በፕሬዚዳንት ሊንከን ዘመን በ1863 አንድ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት ማታለሉን ያወቀ ማንም ሰው በመንግሥት ስም ለመክሰስ ይችላል፤ ከተገኘውም ገንዘብ እኩሌታውን ይወስዳል። በ1986 ሕጉ ሲሻሻል የከሳሹ ድርሻ እንደ ነገሩ ሁኔታ ከ15 እስከ 30 ከመቶ እንዲሆን ተወሰነ፤ በዚህ ምክንያት ከሥራው የተባረረ ሠራተኛም ወደ ሥራው እንዲመለስና ያጣውን ደመወዝ እጥፍ አድርጎ እንዲያገኝ ተደነገገ። እውነትን በገንዘብ መግዛት ነው ብለው ይህን ሕግ የሚነቅፉ አሉ። እኛ ግን መንግሥት የተሰረቀበትን ካስመለሰ በኋላ ለጠቆመው ሰው ድርሻ ቢሰጠው ምን ነውር እንዳለው አይታየንም። በ1912 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ለምክር ቤት አባላት አቤት እንዳይሉ ሁለት ፕሬዚዳንቶች፣ ቴዎዶር ሩዝቬልትና ታፍት፣ አውጥተውት የነበረውን ክልከላ አነሣ።

አሁን ወደ ዋናው ታሪካችን እንምጣ።

ኤርነስት ፊትዝጄራልድ የአላባማ ተወላጅ ነበሩ። በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ በሲቪል ሹምነት ሲያገለግሉ ሥራቸው የጦር መሣሪያ ወጪ በአግባቡ መሆኑን መመርመር ነበር። በዚያን ጊዜ አየር ኃይሉ ከሎክሂድ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ሲ-5ኤ የተባለውን እጅግ ግዙፍ የጭነት አይሮፕላን ያሠራ ነበር። ኖቬምበር 13 ቀን 1968 ሴናተር ዊልያም ፕሮክስማየር የሚመሩት የምክር ቤቱ ንዑስ ኮሚቴ ለምስክርነት ጠራቸው። የአይሮፕላኖቹ ዋጋ ከታሰበው በላይ 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሊደርስ ይችላልን? የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። ሚስተር ፊትዝጄራልድም ሊደርስ እንደሚችል አረጋገጡ። ሰውየው ሰነድ አልሰረቁም፤ ለጋዜጣ በምስጢር አልሰጡም፤ ሕግ የሚያወጣው ክፍል ጠይቋቸው የሚያውቁትን መለሱ እንጂ።

በ12ኛው ቀን አንድ ወረቀት ደረሳቸው። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያደርጋቸው መብት የተሰጣቸው በስሕተት ነውና ተሰርዟል ይላል፤ የስሕተቱም ምክንያት ኮምፒዩተር ነው ተባለ። ከዚያም በቢሊዮን የሚቆጠረውን የጦር መሣሪያ ወጪ ይመረምሩ የነበሩት ሰው፣ በታይላንድ የተሠራውን የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽና የወታደሮችን የምግብ ቤት ወጪ እንዲመረምሩ ተመደቡ። በሚቀጥለው ዓመት በኖቬምበር መደባቸው መታጠፉ ተነገራቸው፤ በጃኑዋሪ 1970 ከሥራ ወጡ። አየር ኃይሉ የሰጠው ምክንያት የመሥሪያ ቤቱ እንደገና መደራጀት ነው፤ ዓላማውም ወጪን መቆጠብና የሥራን ቅልጥፍና ማሳደግ ነው ተባለ። የ2 ቢሊዮን ዶላር ብክነት ያሳዩት ሰው ወጪ ለመቆጠብ ተባረሩ ማለት ነው።

በዚያው ወር በፕሬዚዳንት ኒክሰን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ አንድ ማስታወሻ በኋላ በፍርድ ቤት መዝገብ ታይቷል። ማስታወሻው ሚስተር ፊትዝጄራልድ በወጪ ምርመራ ሙያቸው የተመሰገኑ መሆናቸውን አይክድም፤ ነገር ግን በታማኝነታቸው ዝቅተኛ ነጥብ ሊሰጣቸው ይገባልና ለጊዜው ሌላ ሥራ ባይሰጣቸው ይሻላል ይላል። እንግዲህ ታማኝነት ለማን? እሳቸው ደመወዛቸውን የሚቀበሉት ከሕዝቡ ግምጃ ቤት ነበር።

ሚስተር ፊትዝጄራልድ ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ ነገሩን በዝግ ሊሰማ ቢፈልግም በግልጽ ችሎት ይታይልኝ ብለው በፍርድ ቤት ተከራክረው በ1972 ረቱ። በሴፕቴምበር 1973 ውሳኔ ተሰጠ። መባረራቸው ሕገ ወጥ ነው፤ ምክንያቱ በእሳቸው ሰውነት ላይ ያነጣጠረ እንጂ እውነተኛ የመሥሪያ ቤት ማደራጀት አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ሥራቸው ይመለሱ፣ የቀረባቸውም ደመወዝ ይከፈላቸው ተባለ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንለምናለን። ይኸው ውሳኔ ሌላም ነገር ይላል። የተባረሩት በ1968 በሰጡት ምስክርነት ቂም ነው የሚለው አቤቱታቸው ግን በቀረበው ማስረጃ አልተረጋገጠም ይላል! በ12 ቀን ውስጥ መብታቸው የተሰረዘ፣ ከቢሊዮኑ ሒሳብ ወደ መጫወቻ አዳራሽ የተወረወሩ፣ መደባቸው የታጠፈ ሰው፣ ይህ ሁሉ የሆነው በመናገሬ ነው ብለው ማስረዳት አቃታቸው። ለምን? ቂም የሚቀመጠው በአለቃ ልብ ውስጥ ስለ ሆነ ነው። አለቃ ቂሙን በደብዳቤ ቁጥርና ቀን አድርጎ አይጽፈውም። የሠራተኛው እጅ ደግሞ ወደ አለቃው መሳቢያ አይደርስም። በዚህ ዓይነት፣ ሕጉ ጠቋሚን መቅጣት ክልክል ነው ብሎ ቢጽፍም፣ አስረዳ ተብሎ ሸክሙ በሠራተኛው ትከሻ ላይ እስከ ተጫነ ድረስ ክልከላው በወረቀት ላይ ይቀራል።

የቀረውን ታሪካቸውን እንጨርሰው። ወደ አየር ኃይል ቢመለሱም የቀድሞው ሥራ አልተሰጣቸውም፤ ለዚያ ሲከራከሩ እስከ 1982 ቆዩ። ኒክሰንንም ካሣ ይክፈሉኝ ብለው ከሰው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው ዓመት በጁን ወር 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ፕሬዚዳንት በሥልጣኑ ስለ ሠራው ሥራ በካሣ ሊከሰስ አይችልም ሲል ፈረደ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት የእኛ አገር ብቻ ይመስለን ነበር፤ ባሕር ተሻግሮም ዘመድ አለው። ሚስተር ፊትዝጄራልድ በአየር ኃይል ሥራቸው እስከ 2006 ቆይተው ጡረታ ወጡ፤ በ2019 በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

በ1978 የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በተሻሻለ ጊዜ ጠቋሚዎችን መበቀል ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ተከለከለ፤ አቤቱታቸውንም የሚመረምር ልዩ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ነገር ግን የማስረዳቱ ሸክም ከሠራተኛው ትከሻ ገና አልወረደም ነበር። ይህን ለማቃለል የተዘጋጀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1988 ሳይፈርሙበት ቀሩ፤ ተተኪያቸው ፕሬዚዳንት ቡሽ በኤፕሪል 1989 ፈረሙት። የሕጉም ብልሃት እንዲህ ነው። ሠራተኛው በመናገሬ ብቻ ተቀጣሁ ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ መናገሩ ለቅጣቱ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን ካሳየ ይበቃዋል። ይህን ባሳየ ጊዜ ሸክሙ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይዞራል። ሰውየው ባይናገርም ኖሮ ያው ቅጣት ይደርስበት እንደ ነበረ መሥሪያ ቤቱ ግልጽና አሳማኝ በሆነ ማስረጃ ማረጋገጥ አለበት። ይህን ካላደረገ ይረታል።

በ1994 ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረ። ሠራተኛው፣ አለቃው መናገሬን ያውቅ ነበር፤ ቅጣቱም የመጣው ሰው ሊጠረጥር በሚችል አጭር ጊዜ ውስጥ ነው ብሎ ካሳየ፣ ይህ ብቻውን ለመነሻ በቂ ማስረጃ ሆነ። ያ የ12 ቀን ነገር በዚህ ሕግ ሚዛን ቢመዘን ምን ያህል በከበደ ነበር! ለተማሪዎችና ለወጣት ሹማምንት ከዚህ የሚገኝ ቁም ነገር አለ ብለን እናምናለን። በእንዲህ ያለ ክርክር ትልቁ የሠራተኛ ንብረት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ነው። መቼ ተናገረ? ለማን ተናገረ? በጽሑፍ ከሆነ ቅጂው የት ነው? የተቀበለው ሰው ፈርሟልን? ከዚያ በፊት የነበረው የሥራ ግምገማስ ምን ይል ነበር? የቃል ስሞታ ግን ንፋስ ይወስደዋል።

ይህም ሆኖ ትግሉ አላበቃም። ፍርድ ቤቶች ሕጉን አጥብበው መተርጐም ጀመሩ። በ2006 የሎስ አንጀለስ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ሪቻርድ ሴባዮስ ያቀረቡት ክስ ለዚህ ዝንባሌ ጥሩ ምሳሌ ነው። እኒህ ሰው ለብርበራ ፈቃድ የቀረበው ቃለ መሐላ ሐሰት አለበት ብለው ለአለቆቻቸው በማስታወሻ ጽፈው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሠራተኛ በሥራው ግዴታ የሚጽፈው ነገር ሕገ መንግሥቱ በሚሰጠው የመናገር ነጻነት አይጠበቅም አለ። ይህ እኛን ያስገርመናል። ጥፋቱን ለጎረቤቱ ያወራ ሰው ሊጠበቅ፣ ሥርዐቱን ጠብቆ ለአለቃው የጻፈው ግን ሜዳ ላይ ሊቀር ይችላል ማለት ነው። የፌዴራሉን መንግሥት ሠራተኞች በሚመለከት ምክር ቤቱ በ2012 ባወጣው ሕግ፣ በዘወትር ሥራ ላይ የተሰጠ ጥቆማም ከጥበቃው ውጭ እንዳይሆን ደነገገ።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብ ነው። ዝምታ ነፍስ ያስከፈለበትን አንድ ምሳሌ ደግሞ ከእንግሊዝ አገር እንጥቀስ። ማርች 6 ቀን 1987 «ሄራልድ ኦቭ ፍሪ ኢንተርፕራይዝ» የምትባል የመንገደኞች መርከብ ከቤልጅግ ወደብ ከዜብሩገ ስትነሣ የፊት በሯ ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። ውሃ ገብቶባት በጥቂት ደቂቃ ተገለበጠች፤ 193 ሰዎች ሞቱ። ምርመራው ሲካሄድ የታወቀው ነገር፣ የኩባንያው መርከብ አዛዦች ከዚያ በፊት በሩ መዘጋቱን የሚያሳይ መብራት በመሪው ክፍል ይደረግልን ብለው ጠይቀው ከአስተዳዳሪዎቹ ፌዝ የተቀላቀለበት መልስ እንደ ተሰጣቸው ነው። ከአደጋው በኋላ በቀሩት መርከቦች ላይ መብራቱን ለመግጠም ጥቂት ቀን ብቻ በቃ። ይህና ሌሎች እንዲህ ያሉ አደጋዎች ተደማምረው፣ እንግሊዝ በ1998 ለሕዝብ ጥቅም ሲል የሚናገርን ሠራተኛ የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2019 አባል አገሮቹን የሚያስገድድ መመሪያ አወጣ። በዚህ መመሪያ 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ጥቆማ የሚቀበልበት መንገድ ማዘጋጀት አለበት፤ ጥቆማው መድረሱን በ7 ቀን ውስጥ ያስታውቃል፤ ምን እንደ ተደረገም በ3 ወር ውስጥ ይመልሳል። የማስረዳቱንም ሸክም ወደ አሠሪው አዙሮታል። ጠቋሚው ጉዳት ከደረሰበት፣ ጉዳቱ በበቀል የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል፤ አይደለም የሚል አሠሪ ያስረዳ።

በእኛ አገርስ? ከዚህ ጉዳይ ጋር የሚገናኙ ሁለት አዋጆች እናንሣ። አንደኛው በ2003 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለ ወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ነው። ይህ አዋጅ የጠቋሚውን ማንነት ከመሰወር አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ወስዶ እስከ ማስቀመጥ ድረስ የሚደርስ ብርቱ ጥበቃ ይሰጣል። የሚሠራው ግን የተጠቆመው ወንጀል 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ጽኑ እስራት ወይም በሞት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ ያለ ጠቋሚው ቃል ወንጀሉን በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ሳይቻል ሲቀር፣ በእሱ ወይም በቤተሰቡ ሕይወት፣ አካል፣ ነጻነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ ይደርሳል ተብሎ ሲታመን ነው። እንግዲህ አዋጁ የታሰበው ጥይት ለሚፈራ ሰው ነው፤ የዝውውር ደብዳቤ ለሚፈራው ሰው በሩ ጠባብ ነው።

ሁለተኛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። በአንቀጽ 26 ላይ፣ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በፍርድ ቤት ክርክር ተካፋይ መሆኑ የሥራ ውሉን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አይደለም ይላል። በፋብሪካ፣ በባንክ፣ በነጋዴ ድርጅት ለሚሠራ ሰው ይህ አንቀጽ ሊታወስ የሚገባው ነው። የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች ግን በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም፤ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ አዲስ የተሾመ ወጣት የቅጥር ደብዳቤውን ሲቀበል፣ ስለ ደመወዙና ስለ ዕረፍቱ እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ የሚተዳደርበት ሕግ ስለ አቤቱታና ስለ ጥቆማ የሚለውን አንቀጽ ያኔውኑ ፈልጎ ቢያነብ መልካም ነው።